የገበሬዎቹ ድራማና የቅዳሜው መርዶ

እማዬ የምታየውን ያንን የሰፋሪ ገበሬዎች ድራማ እንዴት እንደምጠላው! ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ሰው ባልደረሰበት ሜዳ ላይ የእንጨት ቤት ሠርተው፣ መሬት ሲያርሱ ነው ዘመናቸው የሚያልቀው። አንድ ቀን በረዶ አዝመራውን ይመታዋል፣ በማግስቱ ጎተራው ይቃጠላል፣ የሚስትየዋን ነጭ ሽርጥ ግን አንድም ቀን ጭቃ አይነካውም። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። ስለዚህ ከሥራ ስገባ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ "ነይ እስቲ፣ ምን አላት?" ትለኛለች። የሰው አዛውንቶች ሳነሳና ሳስተኛ ውዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተጋፍቼ ፍሌሚንግደን ፓርክ ያለው ቤታችን የደረስኩት እኔ፣ ገበሬው ለላሙ የሚያወራውን መተርጎም አለብኝ። ተነጫንጬ ነው የምተረጉመው። የሩብ ሰዓት ንግግር "ደህና ዋይ ነው ያላት" ብዬ እገላገለዋለሁ።

በዚያ ሳምንት ሰኞ አገር ቤት ያለው የእማዬ ታላቅ ወንድም ሞተ። እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ስለነበርኩ እዚሁ ከተማ ብሉር የሚባል ሰፈር ለምትኖረው እህቴ ደወልኩላት። መርዶ እንደ ወጉ በስልክ አይነገርም፣ አንድ ሰውም ብቻውን አይናገረውም፤ ዘመድና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በጠዋት ተሰብስበው፣ አስቀምጠው ነው የሚያረዱት።

"ኖ፣ ኖ፣ እንዳትነግሪያት!" አለች እህቴ። "ሽማግሌዎቹም ሥራ ላይ ናቸው፣ እኔም ሳተርደይ ነው ኦፍ የምሆነው። ሳተርደይ ጠዋት እንመጣለን። እስከዚያ ኖርማል ሁኚ።"

ኖርማል ሁኚ! እሷ ምን አለባት? ሞቱን ይዤ ከእናቴ ጋር አንድ ሶፋ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሐዘን በሥራ ሺፍት ሲቀጠር አያሳያችሁ። ከአገር ቤት ደውሎ የሚያፈነዳው እንዳይኖር "ተበላሽቷል፣ አሠራዋለሁ" ብዬ ስልኳን ደበቅኩት። ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ ዓይኔን ቴሌቪዥኑ ላይ ተከልኩ። ገበሬው ሲያስነጥስ ሳይቀር ተረጎምኩላት።

ሐሙስ ዕለት በድራማው ውስጥ አንድ ጎረቤት ፈረሱን እየጋለበ መጣ። ሚስትየዋ በሩን ስትከፍትለት ባርኔጣውን አወለቀና እዚያው ደጃፍ ላይ እንደቆመ "አባትሽ አረፉ" አላት።

"ምን አላት?" አለች እማዬ።

"ላሟ ጠፋች ነው ያላት።"

ሴትዮዋ መሬት ላይ ወድቃ ትጮኻለች። እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። "ለላም ነው እንዲህ የምትሆነው?"

እህቴንም፣ ጎረቤቱንም፣ ድራማውን የጻፈውንም በልቤ ረገምኩ። "አባቷ ሞተው ነው" አልኳት።

"በቁሟ?" ብላ ተቆጣች። "ደጃፍ ላይ? የሚይዛት ሰው የላትም እንዴ?"

እፎይ አልኩ። ይኸው፣ ስለ ወጉ ራሷ ፈረደችልን፤ እንደምንም ብዬ ሁለት ቀን ልቻል። ማስታወቂያ ሲገባ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን አጠፋችው።

"ይሁን፣ እሷስ ዛሬውኑ አለቀሰች" አለች። "አንቺ ከሰኞ ጀምሮ አንዴም ሳትነጫነጪ ተረጎምሽልኝ። ስልኬንም ወሰድሽብኝ። ወንድሜ ነው፣ አይደል?"

ለመዋሸት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። "እማዬ፣ ቅዳሜ እኮ ሽማግሌዎቹ…"

"ይምጡ" አለችኝ። "ለቅዳሜውማ እንዳልሰማሁ ሆኜ እንደ አዲስ አለቅስላቸዋለሁ። አሁን ግን አንቺ ነይና ያዥኝ።"