በቀኝ በኩል የነበረው ድምፅ

መጋረጃ ሰፊዋ ከባሏ ሞት በኋላ ብዙ ነገር ችላለች፤ አንድ ነገር ግን አቃታት። ድምፁ ጠፋባት። መልኩ አልጠፋም። ፊቱን፣ ጫማውን ሲያወልቅ የሚጎብጠውን ጀርባውን፣ ሳቁን ሊይዝ ሲታገል የሚንቀጠቀጠውን ትከሻውን ዓይኗን ጨፍና ማምጣት ትችላለች። የተናገረውንም ታስታውሳለች። ቃሉን በልቧ ስትደግመው ግን የሚናገረው እሱ ሳይሆን እሷው ነች። የባሏን ንግግር በራሷ ድምፅ ስትሰማ ሰውነቷ ሽምቅቅ ይላል። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። ምን ብላ ትናገር? አብሬው ያረጀሁትን ሰው ድምፅ ረሳሁት ማለት ያሳፍራል።

ሰውየው የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነበር። ሰፈሩ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ትቶ «ቀና በሉ» ይለው ነበር፤ ካሜራውን ትከሻው ላይ ባወጣ ቁጥር ይህ ቃል ከአፉ አይጠፋምና። ሹምም ይሁን ሽማግሌ፣ እሱ «ቀና በሉ» ካለ ቀና የማይል አልነበረም። ለሚስቱም ልማድ ሆኖባት፣ ከሞተ በኋላ እንኳ ስፌት መኪናዋ ላይ ስትጎብጥ ከኋላዋ ሰው የቆመ ይመስላትና ድንገት ቀና ትላለች። ዞር ስትል ከቁም ሣጥኑ ጎን ባለሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ ብቻ ነው ያለው። አንድ ሰሞን ጨርቅ አለበሰችው። ጨርቅ ሲለብስ ይባስ ብሎ ሰው መሰለና መልሳ ገፈፈችው።

የሰዉን ሁሉ ደስታ ሲቀዳ የኖረ ሰው ለራሱ ቤት አንዲት ቃል ትቶ አለመሄዱ ያናድዳታል። ለደንበኛ በሚሰጠው ዲስክ ላይ የድግሱን ጫጫታ አጥፍቶ ዘፈን ይጭንበታል። «የድግስ ወሬ ግማሹ ሐሜት ነው፤ ሰው በገዛ ሠርጉ አይታማም» ይል ነበር። ቤት የቀረው የአንድ ልጃቸው ሠርግ ዲስክም ያው ነው። ሥዕል አለ፣ ዘፈን አለ፣ እሱ የለም። ቢሆንም ካሜራውን የያዘው እጅ የእሱ ነውና፣ ሥዕሉ በተንቀጠቀጠ ቁጥር «ይኸው፣ ደከመው» እያለች ታየዋለች።

አሮጌው ማጫወቻ አንድ ቀን ያንን ዲስክ ውጦ አልመልስም አለ። በስንት ልመናና በቢላ ጫፍ ነው የወጣው። ድሮም ከሁለቱ የድምፅ መውጫዎቹ አንዱ ተሰብሮ በአንድ ገመድ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ የሰው ሠርግ ሲያሳምር የሚውለው ባሏ የገዛ ቤቱን ዕቃ ለመጠገን ጊዜ ኖሮት አያውቅም።

«እማዬ፣ አሁን ማን ዲቪዲ ያያል? ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ» አለቻት ልጇ።

«አባትሽም ስልክሽ ላይ አለ?»

ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ባለቤት ቀስ ብሎ ማውራት የማይችል ሰው ስለነበር ቅጽል ስሙ «ሹክሹክታ» ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ፊልም የምታይበትም፣ ስትሰፋ ዘፈን የምትሰማበትም ማጫወቻ እንደምትፈልግ ስትነግረው፣ መንገድ ማዶ ላለ ሰው የሚያስረዳ ያህል ጮኸ።

«እሱ ላይ ነው ችግሩ፣ እትዬ። ለሥዕል የተሠራው ዘፈን ሲያጫውት ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ለዘፈን የተሠራው ደግሞ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል።»

«ሁለቱንም የሚችል የለም?»

«እንደ ጆሮዎ ነው። የሱቅ ሙዚቃ በሁሉም ላይ ያምራል፤ አይመኑት። ከቤት የለመዱትን ዲስክ ይዘው ይምጡና በእሱ ይምረጡ።»

ነጋዴ እንዲህ ያለ እውነት ሲናገር ብርቅ ነው። በማግስቱ ዲስኩን በቦርሳዋ ይዛ፣ ዕቃውን የምታግዛት ልጇን አስከትላ ተመለሰች።

መጀመሪያ ለሥዕል የተሠራውን ቀጭኑን ማጫወቻ ሞከረላቸው፤ ድምፁን ዘግቶ ሥዕሉን ብቻ። የቬሎው ዘርፍ ላይ እሷ ራሷ የሰፋችው ጥልፍ ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ሙሽራዋ መስታወት ፊት ተቀምጣ ታለቅሳለች። እናት ይህን ቦታ ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል፤ የትኛዋ ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ አታለቅስም?

«አሁን ደግሞ ይሄንን ይስሙ» አለና ሹክሹክታ ወፍራሙን ማጫወቻ ከሁለት ስፒከሮች ጋር አገናኘው፤ አንዱን በባንኮኒው ግራ፣ ሌላውን በቀኝ አስቀምጦ።

ዘፈኑ ከግራው ወጣ። ከቀኙ ግን ወንበር ሲጎተት፣ በሩቅ ሴቶች ሲስቁ ተሰማ። ከዚያም በጣም ቅርብ፣ ጆሮዋ ሥር፣ የሰው ትንፋሽ።

«ቀና በይ፣ የኔ እመቤት።»

መጋረጃ ሰፊዋ ሱቁ መሀል ቀና አለች።

ነገሩ የገባት ኋላ ነው። ባሏ ሲሠራ ዘፈኑን በአንድ ጎን ይጭንና፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ጥሬውን ድምፅ በሌላው ጎን ይተወዋል። የሚያጠፋው መጨረሻ ላይ ነው። የልጁን ሠርግ ግን ለሙከራ ዲስክ ላይ እንደቀዳው፣ ሳይጨርስ ሞተ። እሷም በዚያ ባለ አንድ ገመድ ማጫወቻ የዲስኩን ግማሽ ብቻ ስትሰማ ኖራለች። ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አላሰበችም። እሱ ነው። እሱ ራሱ ነው። ባንኮኒውን ያዘች።

«ዲስኩ ችግር አለበት። ባንዱ ጎን ሰው ይለፈልፋል፤ ልዝጋው?» አለ ሹክሹክታ።

«ተወው!» አለች እናት።

ድምፁ ቀጠለ። «ሐኪሙ ዛሬውኑ ተኛ ነው ያለኝ። ሠርግ አለብኝ አልኩት።»

ከዚያ የሙሽራዋ ድምፅ፦ «አባዬ፣ ሌላ ሰው ያንሳው። አሁኑኑ ሂድ።»

«ልጄን ሌላ ሰው ያነሳታል? ከጫጉላ ስትመለሱ እተኛለሁ። ለእናትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትይ። ከሰማች ድግሱን ትበትነዋለች። ቃል ግቢልኝ።»

ዘፈኑ በግራ በኩል ይጨፈርበታል። በቀኝ በኩል ቀጭን «እሺ» ተሰማ።

«በይ ተይ፣ ኩልሽ ይበላሻል።»

ሙሽሮቹ ከጫጉላ ሳይመለሱ ነው የሞተው። እናት ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ «ምንም ሳያመው፣ ድንገት» ስትል ነበር። ልጅቷም አጠገቧ ተቀምጣ ነበር።

ዞር ብላ አየቻት። ልጅቷ ስፒከሩ ላይ አፍጥጣ ደርቃ ቀርታለች።

«እማዬ፣ የመጀመሪያው ይሻላል» አለች በመጨረሻ። «ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው።»

«ይሄኛውን ነው የምወስደው» አለች እናት።

ዕቃውን ሁለቱ በሁለት ጎን ይዘው እስከ ቤት ተሸከሙት።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የሞተ ሰው ይናገር ጀመር። ጠዋት መጋረጃ ስትቆርጥ ይናገራል፤ ከሰዓት ዘርፍ ስታጥፍ ይናገራል። ሳሉን ሳይቀር በቃሏ ያዘችው፤ የት እንደሚያስል አስቀድማ ታውቃለችና ከማሳሉ በፊት የእሷ ደረት ይጨመደዳል። ትመልስለትም ጀመር። «ወደ ግራ ጠጋ በሉ» ሲል «እሺ» ትላለች። መጋረጃ ልታስለካ የመጣች ደንበኛ «እንግዳ አለሽ እንዴ?» ብላ ብትጠይቃት «ባለቤቴ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ሜትሩን ጨብጣ ቆማ ቀረች። የሌሎች ሠርግ፣ የሌሎች ፊልም፣ አስነስቶ የሚያስጨፍር ዘፈን ሁሉ ተረሳ፤ ሁለቱንም እንዲችል የተፈለገው ማጫወቻ አንድ ሰው ብቻ የሚያናግር ሆነ።

ያቺ «እሺ» ላይ ሲደርስ ግን የመኪናዋን ፔዳል ታቆማለች። ተቆጥታለች፣ ምን ይደበቃል። መቆጣት የነበረባት እሱን ነው፤ የሞተ ሰው ላይ ግን አይጮህም፤ በዚያ ላይ ገና ያገኘችው ድምፅ እንዲኮበልልባት አትፈልግም። ስለዚህ ቁጣዋ በሕይወት ያለችውን ፈለገ። ጮሃም አልተናገረቻት። ዝም ብቻ አለቻት፤ ከጩኸትም የባሰው እሱ ነው።

ልጅቷ መምጣቷን አላቆመችም፤ መግባቷን ነው ያቆመችው። ደረጃውን ትወጣና ደጃፉ ላይ ስትደርስ የአባቷን ድምፅ ትሰማለች። ያመጣችውን ዕቃ መድረኩ ላይ አስቀምጣ «ቸኩያለሁ፣ እማዬ» ብላ ትወርዳለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት እናት በሩ ሲንኳኳ ሰማች። ያን ጊዜ ዲስኩ ከመስታወቱ ቦታ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከፈተች። ደጃፉ ላይ የፍራፍሬ ፌስታል ብቻ ተቀምጧል፤ የልጇ እግር ድምፅ ከታች፣ ከደረጃው መታጠፊያ ይሰማል። እናት ፌስታሉን አነሳች፣ ወደ ቤት ልትመለስ አንድ እግሯን አስገባች። ከውስጥ የዚያች ሙሽራ ድምፅ መጣ፦ «አባዬ፣ ሌላ ሰው ያንሳው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ እሱን ስትጠብቅ ኖራ ልጅቷን አላዳመጠቻትም ነበር። የለመነ ሰው ድምፅ ነው። ፈርቶ የለመነ፣ እንቢ የተባለ ሰው ድምፅ።

ፌስታሉን ጥላ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደች። ልጇን መጨረሻው ደረጃ ላይ ደረሰችባት፤ ክንዷን ያዘቻት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ዝም በይ ያለሽ እሱ ነው» አለቻት። «እኔ ተናገሪ ነው የምልሽ።»

ልጅቷ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ልነግርሽ መጥቼ ነበር። የተፈታውን የቬሎዬን ዘርፍ እየሰፋሽ ነበር። መርፌውን በጥርስሽ ይዘሽ ‹ምን ፈለግሽ?› አልሽኝ። ደስ ብሎሽ ነበር፣ እማዬ። እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ‹ምንም› አልኩሽ።»

እናት አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ እያለቀሰች ትናገራለች፤ ስለ ጫጉላው ክፍል፣ ስልክ በጠራ ቁጥር እንዴት ትደነግጥ እንደነበር፣ በለቅሶው ድንኳን «ድንገት» የሚለውን ቃል ስትሰማ ምላሷን እንዴት ትነክስ እንደነበር። በተከፈተው በር ከላይ የሰውየው ድምፅ ይወርድ ነበር። እናት ምን እንደሚል አልሰማችም፤ ልጇን እየሰማች ነበር።