የተሸነፈውን ቃል የሚጽፉ ሰዎች

እስክሪብቶውን የያዘው መምህር ደሳለኝ ነው። አፉ ግን የኔ የሰይድ ነው። «በስልኬ ለተከታዮቼ እለቀዋለሁ» ብሎኛል... ይልቀቀው፣ ከማን እደበቃለሁ?

ፊደል አልቆጠርኩም። ግን የአምባችንን ዕድር ሕግ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጭንቅላቴ ይዤ የኖርኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ ስንት ቀን እንደሚቀመጡ፣ መቃብር ማን እንደሚቆፍር፣ ውሃ ማን እንደሚቀዳ... ሰው ሲሞት «ሰይድን ጥሩት» ነበር የሚባለው። «መዝገብ አምጡ» ያለ ሰው አልነበረም።

ያለፈው ክረምት ሳይገባ የዕድሩ ሊቀመንበር ሁሴን «ደንቡ በጽሑፍ ይሁን» አለ። በደርግ ጊዜ ከወሎ ለሰፈራ ተጭነን ስንመጣ ሁሴን እናቱ ጀርባ ላይ ነበር። አሁን እኔን ያርመኛል! እንዲጽፍልን መምህር ደሳለኝን ለመነው። መምህሩ ጎንደሬ ነው፤ አሶሳ ያስተምራል፣ እኛ አምባ ተከራይቶ ይኖራል።

ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። ሁሉም በሰላም ሄዶ ሄዶ አንዷ ላይ ተጣላን።

«ድንኳንና ቃሬዛ ለአባል ብቻ ይሁን» አለ ሁሴን። «ዛሬ ወደ ግድቡ የሚያልፈው ብዙ፣ ለአጨዳ የሚመጣው ብዙ። ድንኳናችን አንዲት ናት፤ አለቀች እኮ አያ ሰይድ!»

«ከደጃችን የሞተ የኛ ሬሳ ነው!» አልኩ። «በመጣንበት ክረምት ወባ ሲፈጀን አባትህን ማን ተሸከመው? ቋንቋችንን እንኳ የማያውቁት የበርታ ጎረቤቶቻችን አይደሉም? እነሱ አባል ነበሩ?»

እጅ ወጣ። ተሸነፍኩ። ከኔ ጋር የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው።

«እንግዲያው መዝገቡ ላይ አውራ ጣቴን አላሳርፍም» ብዬ ዱላዬን አንስቼ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር... ያንገበገበኝ መሸነፌ ብቻ አይደለም። የነሱ ቃል ተጽፎ ይኖራል። የኔ ቃል እኔ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል። እነዚያ የበርታ ሰዎች የዋሉልንን ማን ያስታውሳል?

መምህሩ ከኋላዬ ሮጦ ደረሰብኝ።

«አባባ፣ የአይሁድ ሊቃውንት ቢሆኑ እንዲህ ባዶ እጅዎን አይሸኙዎትም ነበር።»

«እኔን ከአይሁድ ምን አገናኘኝ?»

ለካ የእናቱ ወገኖች ቤተ እስራኤል ናቸው። ኦሪቱን በግዕዝ ጠብቀው ኖሩ እንጂ የነዚያ ረቢ የሚባሉ ሊቃውንት መጽሐፍ አልደረሳቸውም ነበር። አጎቱ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ተምረውት ነው ለሱ የነገሩት።

እኔ ደግሞ ያላወቅኩትን መጠየቅ አላፍርም። «ኦሪት የምትለው እኛ ተውራት የምንለውን ነው አይደል? አላህ ያወረደው ላይ ሰው ምን ይጨምራል?»

«እነሱ አንጨምርም፣ ትርጉሙን እንጠይቃለን ነው የሚሉት። ኦሪት በሰንበት ሥራ አትሥራ ይላል። ሥራ የሚባለው ግን የቱ ነው? እሳት ማንደድ? ገመድ መቋጠር? ይሄን ይሄን ከሙሴ ጀምሮ የወረደ ነው ብለው በቃል ይዘውት ነበር። መምህር ለተማሪ፣ ተማሪም ለተማሪው።»

ቆምኩ። «በቃል? ሳይጻፍ?»

«ብዙ ዘመን ሳይጻፍ። ቤተ መቅደሳቸው ፈርሶ፣ ሊቃውንቱ እያለቁ ሰዉ ሲበተን ነው እንዳይጠፋ ብለው የጻፉት።»

መበተንን ለኔ የሚያስረዳኝ የለም። ሬሳ ሳይቀበር ሀገር የለቀቅን ሰዎች ነን። እነዚህ ሰዎች ያን ሁሉ ሕግ በጭንቅላታቸው ተሸክመው መዞራቸው... ጎበዞች! አልኩ በልቤ።

«እሺ፣ እርስ በርሳቸው አይጣሉም?»

«ዋ! ሲከራከሩ ነው የሚውሉት። አንዱ ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል። በመጨረሻ የብዙዎቹ ቃል ሕግ ይሆናል። ግን የተሸነፈውንም ቃል ከነባለቤቱ ስም ይጽፉታል።»

«የተሸነፈውን? ቀለሙን ለምን ያባክኑታል?»

«ወደፊት የሚመጣ ዳኛ ይፈልገው ይሆናል ብለው።»

ወላሂ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ያሸነፈውን ማንም ይጽፋል። የተሸነፈውን ከነስሙ የሚያኖር ሰው ግን ልቡ ሰፊ ነው፤ ነገም እንዳለ የሚያውቅ ነው።

ዞሬ ወደ ማንጎው ተመለስኩ። «የኔንም ጻፈው! ከነስሜ!»

ሁሴን ሳቀ። «እርስዎ እኮ መሸነፍም አያውቁበትም... ይጻፍልዎ በቃ፣ ምን ይጎዳል?» ተጻፈ። አውራ ጣቴን ነከርኩ።

ባለፈው ሳምንት ማሽላ አጨዳ ላይ ነበርን። የሁሴን ማሳ ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ታመመ፤ ጤና ጣቢያ አድርሰነው እዚያው አረፈ። ከማንቡክ በኩል መጣሁ ከማለት በቀር ስለ ዘመድ አልነገረንም። ክርስቲያን መሆኑን ያወቅነው በማተቡ ነው።

ሁሴን ግቢ ተሰበሰብን። አንዱ «አባል አይደለም፣ ደንቡ...» አለ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ዱላዬን ተደግፌ መዝገቡን ጠበቅኩ። 

ሁሴን ከቤቱ መዝገቡን ይዞ ወጣ። «ለአባል ብቻ» የምትለውን አነበበ። ከሥሯ ያለውንም ቀጠለ፦ «አቶ ሰይድ ግን እንዲህ አለ፦ ከደጃችን የሞተ የኛ ሬሳ ነው። የሁሴንን አባት የተሸከሙት የበርታ ጎረቤቶች አባል አልነበሩም...»

እዚህ ላይ ሲደርስ መዝገቡን አጠፈው።

«ድንኳኑን አውጡ» አለ። የቃሬዛውን ፊት ራሱ ያዘ፤ ካህኑ እስኪመጡም ከሬሳው አልተለየም።

ትናንት ደንቡ በሁሉም እጅ ተቀየረ። ሁሴን የራሱን አንቀጽ በእስክሪብቶ ሊሰርዝ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ተዋት! ከሥሯ ያንተን ስም ጻፍባት። ሊቃውንቱ አይሰርዙም።»

በል መምህር፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብብልኝ። የተሸነፍኩባትንም ሳትዘል።