የመቃብር እሬት በቴምብር ላይ

ውበቴ የቢቸና ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ ተመለሰና እዚያው ቢቸና መምህር ሆነ፤ ከክፍል ሲወጣ ለእህል መጋዘኑም ለምግብ ቤቱም ታፔላ ይጽፋል። ታፔላን ደግሞ ዝናብ ያጥበዋል። የሰው እጅ የሠራው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሠሪው ግን ይህን እያወቀ አንድ የማይታጠብ ነገር ትቶ ማለፍ ይመኛል። የውበቴም ምኞት ይኸው ነበር፤ ኋላ ለጣጣ የዳረገውም ይኸው ነው።

የአገር አበቦች በቴምብር ሊወጡ ነው፣ ሠዓሊዎች ይወዳደሩ የሚል ማስታወቂያ አየ። አደይን ሁሉም እንደሚሥላት ገመተ፤ ጽጌረዳ ደግሞ ሰልችቶታል። ይህን እያሰላሰለ ሞጣ፣ ወዳጁ አብዱልሐኪም ዘንድ ሄደ። አብዱልሐኪም ከአባት ከአያቱ የወረደ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ውበቴ ማለዳ ብቻውን ሲንሸራሸር ከከተማው ዳር ካለው የሙስሊሞች መቃብር ደረሰ። በየመቃብሩ ራስጌ እሬት ተተክሏል፤ እርጥብ ነገር ለሟች ይጠቅማል ብለው ነው የሚተክሉት። ያን ሰሞን አብቦ ነበር፤ ፍም የመሰለ ቀይ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና መንደፍ ጀመረ።

የአብዱልሐኪም እናት ዑሙሰልማ የባላቸውን መቃብር ሊዘይሩ መጥተው አገኙት። ምን እንደሚሥል ጠየቁት፤ ነገራቸው። ንድፉን ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ውቤ፣ ይህን አበባ እዚሁ መጥተው ያዩታል እንጂ ሰው ቤት አይገባም» አሉት።

«መቃብሩን እኮ አልሥለውም እማማ፣ አበባውን ብቻ ነው።»

«አንተ ብትተወው፣ እኛ እናውቀው የለም?»

ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ሥዕሉ አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ ማሳነስ ሆነ። ክንድ የሚያህለውን ሥዕል ወደ አውራ ጣት ጥፍር ሲያወርዱት መጀመሪያ ሰማዩ ጠፋ፣ ቀጥሎ የቅጠሉ እሾህ። ለአገሩ ስምና ለዋጋው ቦታ ሲለቀቅ ከግርጌ አንዲት ግራጫ ድንጋይ ቀረች። ለሚዛን ብሎ ያስቀመጣት ውበቴ ራሱ ነው፤ የመቃብር ራስጌ ድንጋይ መሆኗን ቴምብሩን ካዘጋጁት መካከል ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ናሙናው ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ቀዩ ደም መሰለ። እንዲፈካ አሳሰበ፤ ሁለተኛውም ያንኑ ሆኖ መጣ። ይሁን ብሎ ፈረመ።

በዚህ መሐል አገሩ ተጨነቀ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሳምንት ይዘጋል፤ ስልክም ጠፋ። አብዱልሐኪም ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ እንደ ሄደ ቀረ፤ ይኑር ይሙት ለእናቱ የሚነግር ታጣ። ውበቴ ለቴምብሩ ምረቃ መንገድ በተከፈተ ዕለት አዲስ አበባ ገብቶ መርካቶ ውስጥ ፈልጎ አገኘው። ደህና ነው፤ እንዲያውም ወፍሯል።

ምረቃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቴምብሩ የወጣበት ዕለት የተቀረጸበት ማኅተም በላዩ ሲመታ የውበቴ ዓይን እንባ አቀረረ። ሲወጡ አብዱልሐኪም ለእናቱ የጻፈውን ደብዳቤ አውጥቶ፣ ነገ ስትሄድ በእጅህ አድርስልኝ፣ እኔም ዕቃዬን ጭኜ በሳምንቱ እከተልሃለሁ አለው።

«በፖስታ ይሂድ» አለ ውበቴ። «የመጀመሪያው ቴምብሬ ሞጣ ይግባ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቴምብርህን ልትድረው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀበትና ሰጠው። ውበቴ አድራሻውን ራሱ ጻፈና ቴምብሩን በምላሱ አርሶ ለጠፈ፤ የላኪ ስም መጻፉን ግን ዘነጋ።

የፖስታው መኪና አለፈ፤ የውበቴ አውቶቡስ ደጀን ላይ መንገድ ተዘግቶበት ሰነበተ።

ሞጣ ላይ ፖስታውን የተቀበሉት የአብዱልሐኪም አጎት ሙሐመድሁሴን ናቸው። ቴምብሩን አዩት፤ የመቃብር እሬት፣ ከነራስጌ ድንጋዩ። በዚያ አገር መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደጅ ተቆሞ ነው። እንዲህ ያለ አበባ ለጥፎ የሚልክ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? ሽማግሌው ፖስታውን ሳይከፍቱ ዘመድ ጠሩ። ዑሙሰልማ ለሱብሒ ሶላት ተነሥተው በራቸውን ሲከፍቱ ደጃቸው ሰው ሞልቶት አገኙት። እዚያው ወደቁ።

ደብዳቤው የተከፈተው ልቅሶው ከጋመ በኋላ ነው። ደህና ነኝ፣ እየመጣሁ ነው ይላል።

ውበቴ ሞጣ ደርሶ ይህን ሲሰማ ዑሙሰልማ እግር ላይ ወደቀ። አልተቆጡትም። ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር።

«ልጄን በቁሙ አለቀስኩለት ውቤ» አሉት። «የተለቀሰለት ሰው ነው አሁን መንገድ የወጣው።»

ልቅሶ መንገደኛን አይገድልም ሊላቸው ፈለገ። የተማረ ሰው ነው፤ ያምንበታልም። ግን ሲገባ ይላኩብኝ ብቻ ብሎ ወጣ።

ቢቸና ተመልሶ መጠበቅ ጀመረ። ከደጀን ወደ ሞጣ የሚያልፍ አውቶቡስ ቢቸና ሳይቆም አይሄድም፤ ከትምህርት ቤት መልስ መናኸሪያ እየቆመ የተሳፋሪውን ፊት በየመስኮቱ ይፈልጋል። ሳምንቱ አለፈ። ተማሪዎቹ ቴምብሩን እንዲያሳያቸው ሲለምኑት ጠፍቶብኛል ይላቸዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ በዛብሽ ከመንገድ ጠራችው። ከሞጣ የመጣ ደብዳቤ ነው፤ ላኪው ሙሐመድሁሴን።

«ይዩት ጋሼ፣ የራስዎ አበባ ነው» አለችው ፈገግ ብላ። «አሁንማ በየፖስታ ቤቱ ከዚህ ሌላ ቴምብር የለም።»

ከዚህ ሌላ ቴምብር የለም። መንገዱን ሙሉ ይህን ለራሱ ደጋገመው። ያለውን ለጠፉ፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ምናልባትም ልጃችን ገባ፣ ደስ ይበልህ የሚል ይሆናል። ጣቱን ከክዳኑ ሥር አስገባ፤ መልሶ አወጣው።

ቤቱ ገብቶ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው። ከዚያ ጋቢውን ደርቦ ወደ ጎረቤቱ ወደ አቶ ሀብተ ሥላሴ ተሻገረና፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ሁለት ሦስት ሰው ይዘው እንዲመጡለት ለመናቸው።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉት ደንግጠው።

«እንጃ» አላቸው። «ገና አልተከፈተም።»