እጃቸውን ያላወጡት ሽማግሌ

ወታደሮች የያዙኝ የእርዳታ ስንዴ ሳከፋፍል ነው። የተረጂዎቹን ዝርዝር ከእጄ ነጥቀው «እነዚህ የማን ሰዎች ናቸው?» አሉኝ። «የቸገራቸው ሰዎች ናቸው» አልኩ። መልሱ አላረካቸውም። ከሰዓት በኋላ አምቦ ውስጥ ወደ እስር ቤትነት የተለወጠ የእህል መጋዘን በር ላይ ቆሜ ነበር። በሩ ገና ሲከፈት የጆንያና የነቀዝ ሽታ ተቀበለኝ። ስንት ዓመት የሠራሁበት ሽታ ነው። ወለሉ ላይ ግን በጆንያው ፋንታ ሰው ተደርድሯል።

ጠዋት ጠዋት አንድ ዳቦ በሻይ ይሰጠናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቤተሰብ ካመጣ ነው፤ የሚተዋወቅ ከሚተዋወቅ ጋር ቡድን ቡድን ሆኖ ይበላል። ለእኔ እህቴ በየቀኑ ምሳ ታቀብል ነበር። ከጎኔ የሚተኙት፣ ከእጃጂ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡት ሽማግሌ ግን ጠያቂ የላቸውም፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ ዘመድ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ምሳ ሲደርስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳ ሲዞሩ አየሁ። አንጀቴን በሉት።

የክፍላችን ተወካይ አስተማሪ ነበር። «አንተ የእርዳታ ሰው ነህ አይደል? ጠያቂ የሌለውን ለይልን፣ ከየምሳ ዕቃው እናዋጣለን» አለኝ።

ደስ አለኝ። የምችለው ሥራ ተገኘ! አመል ያወጣል ከመሐል እንዲሉ፣ መሐል ወለሉ ላይ ቆሜ «ጠያቂ የሌላችሁ እጃችሁን አውጡ» አልኩ፤ ልክ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንደምለው። ሁለት ወጣቶች አወጡ። ሽማግሌው አላወጡም። ማጣራት ሥራዬ ነውና ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ትናንት ምን በሉ?»

«ጠግቤአለሁ።»

«ምንም አልገባልዎትም እኮ። ሦስት ቀን አይቻለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ «እነሱ እስረኛ አደረጉኝ። እሺ ይሁን። ለማኝ ያደረግኸኝ ግን አንተ ነህ።»

የተዋጣውን ምሳ አልነኩም። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ለበጎ ባልኩ! እያልኩ ስነጫነጭ ዋልኩ።

በማግስቱ የአንድም ሰው ምሳ እንዳይገባ ተከለከለ። ጠባቂው ምክንያቱን አልነገረንም። እኔ ዳቦዬን ጠዋት ጨርሼዋለሁ። ቀትር ሲያልፍ የሆዴ ጩኸት ለጎረቤት ይሰማ ጀመር። ሽማግሌው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ያኖሩትን ግማሽ ዳቦ ፈቱ፤ ለካ በየጠዋቱ ግማሹን ያስቀምጡ ኖሯል። ለሁለት ቆርሰው አንዱን ጉልበቴ ላይ አኖሩና፣ እኔን ሳያዩ የራሳቸውን መግመጥ ጀመሩ።

«አልራበኝም» አልኩ።

«ማን ጠየቀህ?» አሉኝ። «ብላ።»

በላሁ። በጣም አፈርኩ። ምሳ እንደገና የገባ ቀን የእህቴን ምሳ ዕቃ ከፍቼ በሁለታችን መሐል አስቀመጥኩና «እንብላ» አልኩ፤ ለዘመድም ለመንገደኛም እንደሚባለው፣ ሌላ ቃል ሳልጨምር። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ባርከው ቆረሱ።

ተፈትቼ ዛሬም እዚያው የእርዳታ ሥራ ላይ ነኝ። ዛሬም የድሃው ስም በሕዝብ ፊት ተነቦ ካልተረጋገጠ ስንዴ አይወጣም። ይሄ ነገር ይቅር እያልኩ በየስብሰባው ተከራክሬ ሰልችቶኛል። «ግልጽነት ነው፣ አለዚያ ይሰረቃል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ይሰረቃል። ግን የሚሰርቀው ሌላ፣ የሚያፍረው ሌላ።

ባለፈው ሰሞን እንጭኒ ላይ ዝርዝሩን የማነበው እኔ ነበርኩ። አንዲት እናት ስማቸው ሲጠራ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«አይሰማም!» ብለው ከኋላ ጮኹብኝ።

ስማቸውን ጮክ ብዬ ደግሜ አነበብኩት።