ሳሎን የገባው ባኞ ቤት

ባለፈው ሳምንት የልጄን ቤት የሚያድሰው ቧንቧ ሠራተኛ ውሃ ልኩን ቱቦ ላይ አስቀምጦ አንድ ዓይኑን ሲጨፍን፣ እኔም ጎንበስ ብዬ በመስታወቱ ውስጥ ያለችውን አረፋ አየኋት። ቤቱ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። አረፋዋ ወደ አንድ ጎን ሸርተት ስትል እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። ልጄ ምን ሆንሽ ቢለኝ ምንም አልኩት። ለእሱ ያልነገርኩትን ለአንተ ልንገርህ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ቤታችን መርካቶ፣ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ አቡጄዲ ይነግድ ነበር፤ ከሱቁ ይልቅ የሚታወቀው ግን በእንግዳው ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳሎናችን ጢም ብሎ ይሞላል፤ ዘመዱ፣ የገበያ ባልንጀራው፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ይገባል። ሰው ካልመጣ ምግብ የማይዋጥለት ዓይነት ሰው ነበር።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ስገባ እናቴን ሕመም ጣላትና ግራ እግሯ አልታዘዝ አላት። ሽንት ቤታችን ጓሮ ነበር። ክንዷን ይዤ አደርሳታለሁ። በክረምት ጭቃው ጫማችንን ይዞ ያስቀራል፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ አንገታችን ውስጥ ይገባል። ሁለት ጊዜ አብረን ወድቀናል። በሁለተኛው እኔ ስስቅ እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን አለቀሰች።

አባቴ ቤት ውስጥ ባኞ ቤት ሊሠራላት ቆረጠ። ከጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ጋር ብዙ ዘመን የሠራ አንድ የቧንቧ ባለሙያ አመጣ። ቦታውን የመረጠው ግን ራሱ አባቴ ነው፤ ከመኝታ ቤቱ ኋላ፣ እንግዳ የማያየው ጥግ። ሰው እንጀራ በሚቆርስበት ቤት ሽንት ቤት ማስገባቱ ራሱ ከብዶት ስለነበር፣ ቢያንስ ይራቅልኝ ብሎ ነው።

ችግሩ የፍሳሹ ጉድጓድ ነበር። ጓሯችን ከላዩ ጭቃ ቢሆንም ሥሩ ድፍን አለት ነው፣ የድሮው ሽንት ቤት ጉድጓድም ጥልቀት ስለሌለው የባኞ ቤት ውሃ አይችልም፤ የሚቆፈረው ከሳሎኑ ፊት፣ በውጭ በር በኩል ብቻ ነበር። እዚያም ቢሆን ወገብ ያህል እንደወረዱ አለት አገኙ። ስለዚህ ቱቦው በጥልቀት ሳይቀበር፣ ከኋላ ተነሥቶ ቤቱን ዞሮ መምጣት ነበረበት። ባለሙያው ከጉድጓዱ አፍ ሲባጎ አስሮ፣ በግድግዳው ላይ እየሳበ፣ ውሃው ቁልቁል እንዲወርድ በየእርምጃው አንድ ጣት ያህል ከፍ እያደረገ ወደ ኋላ ሄደ። ሃያ ምናምን እርምጃ ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሲባጎው ከጉልበቴ በላይ ሆነ።

ወለሉ እስከዚህ ይነሣል፣ ሦስት ደረጃ ይሠራለታል አለ። እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሲባጎውን ታይ ነበር። ያን እግር አንድ ደረጃ እንኳ ማንሣት አትችልም። ለእኔ ብላችሁ አትልፉ፣ ጓሮውን ለምጄዋለሁ አለች። አባቴ ሰውየውን ጠጋ ብሎ፣ ትንሽ ዝቅ ብታደርገው ማን ያውቃል አለው።

«ጋሼ፣ ሰው ዝም ይልዎታል፤ ውሃ ግን ይሉኝታ የለውም። መውረጃ ካጣ ተመልሶ ይመጣብዎታል» አለ ሰውየው። ደረጃ ካልፈለጉ በሳሎኑ ጥግ ይሠራ፣ ጉድጓዱ ከግድግዳው ማዶ ነው አለ። አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ሰውየውም ነገሩ እንዳበቃ ገብቶት ሲባጎውን መጠቅለል ጀመረ።

እናቴ ምሳ ላይ ብርጭቆዋን ከንፈሯ ላይ አስነክታ እንደምትመልሰው፣ ሲመሽ ምላሷ ከላንቃዋ ጋር እንደሚጣበቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዳልናገር አስምላኛለች። መሐላዬን አፈረስኩ።

«አባዬ፣ እማዬ እኮ ውሃ አትጠጣም። ጓሮ ላለመውጣት ብላ።»

እናቴ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አባቴ ሳሎን ገባና የክብር እንግዳ የሚቀመጥበትን ከባድ ወንበር ብቻውን እየጎተተ ወደ በረንዳ አወጣው። ልናግዘው ብንል እምቢ አለ። ባዶውን ጥግ እያሳየ «እዚህ ሥራው» አለ።

ተሠራ፤ አንድ ደረጃ እንኳ የለውም። በመጀመሪያው እሑድ ግን እንግዶቹ እንደ ልማዳቸው ሞሉ፤ የባኞ ቤቱ በር ፊታቸው ነው። እናቴ በእነሱ ፊት መግባት አፍራ፣ መኝታ ቤት ሆና እስኪሄዱ ድረስ እጄን ጨብጣ ቆየች። ስንወጣ አባቴ ፊቷን አየ። በሚቀጥለው እሑድ ውጭ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸውና ቤቱ እድሳት ላይ ነው ብሎ አብነት አካባቢ ወደ አንድ ሻይ ቤት ወሰዳቸው። እድሳቱ አራት ዓመት ፈጀ። የማኅበር ተራውን እንኳ ለሌላ ሰጠ። ቀስ በቀስም ሰዉ መምጣቱን ተወው። እናቴ ግን ውሃዋን እስከ ጠርዙ አስሞልታ ትጠጣ ነበር፤ ጉሮሮዋ ሲውጥ የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር።

ከተዝካሯ በኋላ በመጣው እሑድ አባቴ ወንበሮቹን ደረደረ፣ ነጭ ጋቢውን ለበሰ፣ የውጭውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ተቀመጠ። ከመንገዱ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ያልፋል። ሰዉ እሑዱን ሌላ ቤት ለምዷል። ብርዱ ሲገባ በሩን ልዝጋው ወይ አልኩት።

«ተይው» አለኝ፣ «ትንሽ ይቆይ።»