የሚዘለው ሸክላ

ሙዚቃ ቤት በተቀጠርኩበት ቀን ጠዋት ሁለት ሰው ሁለት ትእዛዝ ሰጠኝ። ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ አንድ ሸክላ በሁለት መዳፋቸው መካከል ጠርዝና ጠርዙን ይዘው፣ «ዘነበች፣ ይኼን ሆዱን በጣትሽ እንዳትነኪው። ጣት ላብ አለው፤ ላብ ደግሞ አቧራ ይጠራል» አሉኝ። ቴክኒሻኑ ቶለሳ ከጓዳ ብቅ ብሎ፣ «እሱን ተዪውና ካሴት ማጠንጠን ላሳይሽ። ሸክላ እንደሆነ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው» አለ። የማንኛቸውን ሥራ ልሠራ እንደተቀጠርኩ ሳይገባኝ ረፈደ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሱቃችን ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ከሚያርፉባቸው ቡና ቤቶች ጎን ነበር። በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ ዝጉት እንባላለን፤ የአብዮት በዓል ሲሆን ደግሞ መዝሙር ክፈቱበት እንባላለን። አንዳንድ ቀን ሁለቱም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ማጉያውን ከፍተው ድምፁን ዝቅ ያደርጉታል፤ ማንም ተናግሯቸው አያውቅም።

አዲስ ሸክላ መታተም ቆሞ ስለነበር ሥራችን በአመዛኙ ከሸክላ ወደ ካሴት መቅዳት ነበር። መጀመሪያ ሸክላውን ክቡን ተከትሎ በለስላሳ ጨርቅ ማበስ። የመርፌውን ጫፍ በትንሽ ብሩሽ መጥረግ። ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ አልኮል በነካው ጥጥ ማሸት። ካሴቱን እስከ መጀመሪያው ማጠንጠን፤ መብራት ከጠፋ በእስክሪብቶ። ከዚያ መርፌው ሲያርፍ መቅጃውን መጫን፣ የድምፅ መለኪያው ቀስትም ቀዩን እንዳይነካ መጠበቅ። ወለሉ ጣውላ ስለነበር ሰው ሲራመድ መርፌው ይደነግጣል። ስለዚህ በቀረጻ ሰዓት በሩ ላይ ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ የሚገባውን ሁሉ ባለበት ማስቆም የእኔ ድርሻ ሆነ። ብዙ የተከበረ ሰው በአንድ እግሩ አቁሜያለሁ።

የሸክላው ኃላፊ ጋሽ ደምሴ፣ የቴፑ ኃላፊ ቶለሳ። ክርክራቸው ከሱቁ መከፈት ጋር ይከፈታል። ጋሽ ደምሴ፣ «ካሴት ማለት ዘፋኙን ብርድ ልብስ አከናንቦ ማዘፈን ነው» ይላሉ። ቶለሳ፣ «ሸክላ ደግሞ ዘፈን ከጥብስ ጋር ነው። ቸስ ቸስ ሲል ምሳ የደረሰ ይመስለኛል» ይላል። ደንበኛውም ይገባበታል። አንድ የተሳቢ ሾፌር፣ «ጋሼ፣ መኪናዬ ላይ ሸክላ አጫውተው ያሳዩኝና ነገውኑ እገዛለሁ» ሲላቸው፣ አንድ የታሪክ አስተማሪ ደግሞ ካሴት የሰማበት ጆሮውን መታጠብ እንደሚያምረው ይናገራል።

እኔ ግራ እንደገባኝ ቀረሁ። ጠዋት ጋሽ ደምሴ የዋሽንቱን ትንፋሽ ከሸክላው ሲያሰሙኝ የእሳቸው ወገን እሆናለሁ። ከሰዓት ቶለሳ ያንኑ ዘፈን በካሴት ቀድቶ፣ ሾፌሩ እየዘፈነ ወደ መተሃራ ሲነዳ ሳይ ወደ ቶለሳ እዞራለሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ፤ እኔ ግን ደመወዜ ከሁለቱም ዛፍ ላይ ነበር የሚለቀመው።

አንድ የገበያ ቀን ከዓለም ጤና ከተማ አንዲት እናት መጡ። እማማ የሺ ይባላሉ፣ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ሸክላ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ እጃቸውን ግን ከላይዋ አላነሡም።

«አካም ጅርቱ፣ ሃርሜ» አላቸው ቶለሳ በኦሮምኛ፤ እንደምን ነዎት፣ እናቴ ማለቱ ነው። እናት ያለው ሰው ሁሉ ለቶለሳ ዘመዱ ነው።

«ፈያ፣ ነጋ» አሉና በአማርኛ ቀጠሉ። «የልጄ ናት። ወርቅነህ ይባላል። እዚሁ ናዝሬት ሆቴል ውስጥ ይዘፍን በነበረ ጊዜ ያወጣት ናት። ሌላ የለውም፤ ከዚያ ወዲያ ሾፌር ሆነ።»

«አሁን የት ነው ያለው፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ዘምቷል፤ ወደ ሰሜን። ከሄደ ወሬው የለም።» ሸክላዋን ወደ ጋሽ ደምሴ ገፋ አደረጓት። «ማጫወቻዬ መርፌው አለቀና ሌላ አጣሁለት። ጎረቤቴ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ አላት፤ እናም በካሴት ቢሆንልኝ ብዬ ነው። ለፊቱ ፎቶ አለኝ። ለድምፁ ግን ከዚህች ሌላ የለኝም።»

ጋሽ ደምሴ ሸክላዋን እንደ አራስ ልጅ ተቀበሏቸው። እማማ የሺ ገበያቸውን ጨርሰው ሊመለሱ ወጡ።

እኔ በሩን ያዝኩ፣ ቶለሳ ቴፑን አዘጋጀ፣ መርፌው አረፈ። ወርቅነህ ጥሩ ድምፅ ነበረው፤ ከጉሮሮው ሳይሆን ከሆዱ የሚወጣ። ዘፈኑ መሀል ሲደርስ ግን መርፌው ቋ! ብሎ ዘለለ። «ዝናቡ» ብሎ ሊቀጥል የነበረው ልጅ ድንገት «በሩን» አለ። ዝናቡ ምን እንዳደረገ፣ በሩስ የማን እንደሆነ ሳናውቅ ዘፈኑ አለቀ። ደግመን ብናስጀምረውም ያው ነው።

«ይኸው ሸክላዎ!» አለ ቶለሳ።

ጋሽ ደምሴ ፊታቸው ጠቆረ። የሰዓት ሠሪ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው መስመሩን ፈለጉ። «ጭረት አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የሆነ ነገር ጠብ ብሎበት ደርቋል። ሸክላው ምን በወጣው!» ቀጭን ስንጥር ጠርበው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ያችን ነጥብ ፈልቅቀው አወጧት። ቶለሳም አልኮሉንና ጥጡን አቀበላቸው። እንዲህ ሲተባበሩ አይቼ ስለማላውቅ በሩን ረስቼ አፌን ከፍቼ አየኋቸው።

መርፌው እንደገና አረፈ። ቦታው ሲደርስ አለፈው። ዝናቡ ምን እንዳደረገ ሰማን፣ በሩም የማን እንደሆነ አወቅን። የተደበቀ አንድ ስንኝ ሙሉ ወጣ። ጋሽ ደምሴ፣ «አየህ፣ ሸክላ ሁሉንም ይዞ ይቆያል» አሉ። ቶለሳ፣ «አዎ፣ ካሴት መጥቶ እስኪያወጣው» አለ። ሁለቱም አሸናፊ ነበሩ፤ እኔም ደስ አለኝ። እናትየው ሰምተውት የማያውቁትን የልጃቸውን ድምፅ ልንሰጣቸው ነው።

እማማ የሺ ከሰዓት ተመለሱ። ወንበር ሰጠናቸውና ካሴቱን ከፈትን። ዓይናቸውን ጨፍነው ከልጃቸው ጋር በከንፈራቸው ይከተሉ ጀመር። ቦታው ሲደርስ ከንፈራቸው ወደ አንድ በኩል፣ ዘፈኑ ወደ ሌላ በኩል ሄደ። ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይህች የእኔ አይደለችም» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ፈገግ እንዳሉ ቀሩ። «እንዴት?»

«ቀይራችሁብኛል። የሌላ ሰው ሸክላ ነው የቀዳችሁልኝ። የእኔን አምጡ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሾፌሮች ዞረው አዩን። በዚያ ዘመን ሰው ስሙ ቀበሌ ዘንድ አንድ ጊዜ በክፉ ከተነሣ ማን አስተካክሎ ያወርደዋል? ጋሽ ደምሴ ወደ ማጫወቻው ሮጡ። ሸክላዋን አምጥተው መሀሏ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩአቸው። «ይኸው የልጅዎ ስም፣ እማማ።»

እማማ የሺ ወረቀቱን በጣታቸው ዳበሱት፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበትን ጠርዝ አገኙ። «ወረቀቷ የኔ ናት» አሉ ግራ ተጋብተው። «ዘፈኗ ግን አይደለችም። የምትዘልባት ቦታ የታለች?»

አፀዳናት ልንላቸው አፈርን። በመጨረሻ ቶለሳ ተናገረ። «ሃርሜ፣ አንድ ነገር ደርቆባት ነበር። አነሣነው።»

«ሻማዬን?» አሉ።

ከዚያ እዚያው ወንበር ላይ ሆነው ነገሩን። ወርቅነህ ሸክላዋን ያመጣ ዕለት ቤታቸው መብራት አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ ስሙን በወረቀቱ ላይ እንዲያይ ሻማ አብርቶ ከላይዋ ያዘ፣ ሻማውም ጠብ አለ። በባትሪ ማጫወቻው ሲያጫውታት ዘለለች። እሱም ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ «እማዬ፣ ሸክላዋ ቸኮለች!» አለ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ሲዘፍኗትም እየዘለሏት ነበር። ቦታዋ ስትደርስ እሱ ይስቃል፤ እሱ ከሄደ በኋላም እሳቸው እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ሳቁን ይሰሙታል።

«አሁን አለፈችው» አሉ። «ሳይስቅ አለፈ።»

እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። የተበላሸ ማስተካከል ተምረን ነበር፤ የተስተካከለ ማበላሸት ግን ማን ያስተምራል? ቶለሳ ሻማ ገዝቶ መልሶ ጠብ ሊያደርግበት ፈለገ። ጋሽ ደምሴ ጮኹበት። «የት ጋ እንደሚወድቅ በምን ታውቃለህ? ከድጡ ወደ ማጡ!» እንደገና ሊጣሉ ሆነ። ያን ጊዜ እኔ፣ «ሸክላዋ ባትዘል ካሴቷ ትዝለል» አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ክርክራቸው ሰልችቶኝ ይሆናል።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ቶለሳ ቀስ ብሎ፣ «ይቻላል» አለ። «ቃሉ ላይ ስንደርስ ቴፑን አቆማለሁ። እርስዎ መርፌውን አንሥተው ወደፊት ያሳርፉታል። ከዚያ እለቀዋለሁ።» ጋሽ ደምሴ ዕድሜ ልካቸውን መርፌ በእጅ አትንኩ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሸክላዋን አዩ፣ እናትየውን አዩ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ከየት ወደ የት እንደምትዘል የሚያውቁት ግን እማማ የሺ ብቻ ነበሩ። «ዝፈኑልን» አልናቸው። አፈሩ። ሰው በተሞላ ሱቅ ውስጥ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ በቀጭን ድምፅ ጀመሩ። ሾፌሮቹ ማንም ሳያስቆማቸው ቆሙ። «ዝናቡ» አሉና ምላሳቸውን ቋ አድርገው «በሩን» አሉ።

የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ፣ «ቸኮለ» አሉ። ሁለተኛው ላይ፣ «ሰነፈ፤ ልጄ እንዲህ አይንቀረፈፍም» አሉ። ከዚያ ደግሞ መዝለሉ ልክ ሆኖ ቋ የሚለው ድምፅ ጠፋ። «ያችማ ከሌለች ምኑን ዘለለ?» አሉን። በመጨረሻ ቶለሳ ቁልፉን፣ ጋሽ ደምሴ መርፌውን ይዘው፣ እኔ የእማማ የሺን ከንፈር እያየሁ በእጄ ምልክት ሰጠሁ። ቶለሳ ቴፑን አቁሞ፣ መርፌው ወደፊት ካረፈ በኋላ ሲለቀው ጋሽ ደምሴ መርፌውን የያዘውን ክንድ በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። ቋ!

ካሴቱን መልሰን ከፈትነው። እማማ የሺ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸውና ዘፈኑ አብረው ሄዱ፣ አብረው ዘለሉ። እሳቸውም ሳቁ። ከሳቁ ሥር ግን እንባቸው መጣ፤ ከሾፌሮቹ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ጋሽ ደምሴ ጥጥ ፍለጋ ነው ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም አለቀስኩ፤ ለደስታ ይሁን ለኀዘን ዛሬም አልለየሁትም።

ካሴቱን ጠቅልዬ ስሰጣቸው፣ «ያችኛዋንስ?» አሉኝ።

«የቷን፣ እማማ?»

«ሳትዘል ያለፈችዋን። በሌላው ፊት ቅዱልኝ። ሲመጣ ሁለቱንም ያዳምጥና የቱ እንደሚሻል ይንገረኝ።»

ቀዳንላቸው። ወጥተው ሲሄዱ ቶለሳ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኛቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ሱቃችን አልመጡም፤ ወርቅነህ ይምጣ አይምጣ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ሥርዓቱ ወድቆ ወታደሩ በየመንገዱ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሜ ስንቱን አየሁ። መልኩን ግን አላውቀውም። የማውቀው ድምፁን ብቻ ነው፤ የሚያልፍ ወታደር ደግሞ አይዘፍንም።

ከዚያ ሲዲ መጣ፤ ቶለሳ የተሟገተለት ካሴት በተራው ሞተ። ቀጥሎ ፍላሽ መጣ፣ አሁን ሁሉም በስልኩ ነው። ክርክሩ ግን ያው ነው፤ የእህቴ ልጆችም ሰሞኑን በጉዳዩ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ ጋሽ ደምሴና ቶለሳ የተነሡ መሰለኝ። የቱ እንደሚሻል ቢጠይቁኝ ዛሬም አላውቅም።

በኮምፒውተር አሮጌ ዘፈን የሚያፀዱ ልጆች አንዳንዴ ምክር ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ስለ መሣሪያቸው የማውቀው ነገር የለም። የምላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከማፅዳታችሁ በፊት ዘፈኑን ያመጣውን ሰው አስቀምጡትና አስዘፍኑት።