ብረቱ ላይ ብቻ የሚነፍስ ነፋስ

ዛሬ ጠዋት ከጊንጪ ወጣ ብሎ ባለ አንድ እርሻ በር ላይ፣ የጎረቤታችን የኦቦ ጉደታ ላም እግሯ ብረት መሃል ተቀርቅሮ ስትጮህ ደረስን።

ብረቱ ከብት እንዳይገባ ጉድጓድ ላይ የተጋደመ ፍርግርግ ነው። ከብት ክፍተቱን ሲያይ ፈርቶ ይመለሳል። ይቺም ላም ሁልጊዜ ትመለስ ነበር።

ዛሬ ግን ፍርግርጉ ገለባ ለብሷል።

"ገለባውን ማን አነጠፈው?" አልኩት የእርሻውን ዘበኛ።

"ነፋስ ነዋ!" አለኝ፣ ዓይኑን ከእኔ እያሸሸ።

መንገዱን ትቶ፣ አጥሩን ትቶ፣ ብረቱ ላይ ብቻ የሚነፍስ ነፋስ!

ደግሞ የዘበኛው አህያ እስከ ትናንት ብረቱን አልረግጥም ብላ መከራውን ታበላው ነበር። ዛሬ ከነጋሪዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። (እኔ ምንም አላልኩም።)

ላሟን በስንት ትግል አወጣናት፤ እግሯ ግን ተሰብሯል። ኦቦ ጉደታ አንገቷን አቅፈው "ያ ዋቃዮ!" እያሉ አምላካቸውን ተጣሩ።

ከሰዓት በዚያው ሳልፍ ፍርግርጉ ላይ አንዲት ገለባ የለችም። ጥርግ!

ለካ ነፋሱ መጥረጊያም አለው።

በደንዲም በእንጭኒም ያላችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ፦ የእናንተ አገር ነፋስስ እንዴት ነው የሚያደርገው?